የትንሿ ዋስትና

እናቴ በአንድ ጊዜ ሁለት ባል ልታገባ ነው ብዬ ያመንኩት በሰባት ዓመቴ ነው። አንደኛው ቀጭን፣ ሌላኛው ወፍራም መሆናቸውን፣ የትኛው እኔን የትኛው ታናሽ እህቴን እንደሚወስድ ጭምር አውቅ ነበር። ዛሬ ሳወራው ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን እህል አልበላ ብሎኝ ነበር።

አባታችን ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ትቶልን የሄደው ሁለት ትራክተር፣ አንድ ሰፊ ግቢና በቆርቆሮ የተከደነ መጋዘን ነው። ትራክተሮቹ የሰው መሬት እያረሱ፣ እህል እያመላለሱ ነበር የሚያኖሩን። አንደኛዋ ግዙፍና አዲስ ናት፤ የመቀመጫዋ ላስቲክ እንኳን ገና አልተነሣላትም። ሌላዋ በቁመት አነስ ያለች፣ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ ጠዋት ጠዋት ስትነሣ እንደ ሽማግሌ የምታስል ናት። አባቴ «አዲሷ» እና «አሮጊቷ» ነበር የሚላቸው። እናቴ ግን ሠርታ የምታበላን «አሮጊት» መባል የለባትም ብላ ስማቸውን ለወጠችው። አዲሷን «ትልቋ»፣ አሮጊቷን «ትንሿ» አለቻቸው።

ይህን የስም ለውጥ የሰሙት እሷና የትራክተሮቹ ሹፌር ናቸው። እኔ አልሰማሁም። መጋዘኑ ውስጥ መግባት ለልጅ ክልክል ነበርና እዚያ የሚባለውን አላውቅም። እኔ የማውቀው ቤት ውስጥ ያለውን ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ «ትልቋ» ማለት እኔ ነኝ፣ «ትንሿ» ማለት ደግሞ ገና አፏን በቅጡ ያልፈታችው እህቴ ናት። በእውነተኛ ስማችን የምንጠራው ጥፋት ስናጠፋ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ሰውዬ የመጣው የእርሻው ወቅት ሲቃረብ ነው። ነጭ መኪናውን በር ላይ አቆመና ከረባቱን እያስተካከለ ገባ። ቀጭን ነው፤ ሲቀመጥ ጉልበቶቹ ከጠረጴዛው በላይ ብቅ አሉ። ትራክተሮች የታተሙበት የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ለእናቴ ሰጣት። እናቴ የዚያን ቀን ፀጉሯን ተሠርታለች፤ ለክት የምታስቀምጠውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ለብሳው አታውቅም። እኔ የበሩን መቃን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

«እትዬ፣ ከእኛ ጋር የኖረ ሰው አይከፋም» አላት ከረባት። እንዲያ ብዬ ነበር ስም ያወጣሁለት። «ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባለቤትዎ ከእኛ ሌላ አያውቁም ነበር። ስም ደግሞ እንዲሁ አይገኝም።»

«ስሙንማ ማን ይጠላዋል» አለች እናቴ። «ግን የዘንድሮው ጥያቄያችሁ በዛብኝ። አስቤ እነግርዎታለሁ።»

ሰውዬው እንደወጣ ወደ ጎረቤታችን ወደ ልብስ ሰፊዋ ሮጥኩ። ልብስ ሰፊዋ አፏ ከመኪናዋ መርፌ ይፈጥናል።

«አንዲት ሴት ፀጉሯን ተሠርታ፣ ለሆነ ሰውዬ ‘አስቤ እነግርዎታለሁ’ ካለችው ምን ማለት ነው?»

«ልታገባው ነዋ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ደግሞ ማነው እሱ?»

አልነገርኳትም። ቢያንስ ይህን ያህል ብልሃት ነበረኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴን ስለ ሰማያዊው ቀሚስ ጠየቅኳት። «ሰውዬው ዋጋ ጨምሮ ነበር የመጣው» አለችኝ። «ጥቁር ለብሼ፣ አንገቴን ደፍቼ ካገኘኝማ የሚያዝንልኝ መስሎ የሚያዝዝብኝ እሱ ነው። ሥራ ላይ ያለች ሴት እንዲያይ ፈለግኩ።» ቀሚሱ እንግዲህ ለሠርግ አልነበረም። ለድርድር ነበር።

ሁለተኛው ሰውዬ በሳምንቱ በሞተር ሳይክል መጣ፤ ከኋላው ነጭ የፕላስቲክ ጄሪካን አስሯል። ድብልብል ያለ፣ ቀልዱ ሳያልቅ ሳቁ የሚቀድመው ሰው ነው። ሳቂታው አልኩት። የግቢያችን የብረት በር ሲከፈት ሲንጣጣ ሰማና «ይቺ በር ሐኪም ትፈልጋለች!» ብሎ፣ ከጄሪካኑ ጥቂት በጨርቅ አርሶ ማጠፊያውን አሸው። በሩ ዝም አለ። በሆዴ «ይሄኛው ይሻላል» አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ አባቴ ትዝ አለኝና ራሴን ገሠጽኩ።

እናቴ አሁንም ያንኑ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና እንደ ፖሊስ ትጠይቀው ጀመር፤ የት እንደተሠራ፣ ማን እንደመረመረው፣ ከዚህ በፊት እነማን ጋ እንደሠራ፣ ቅሬታ ያቀረበበት ሰው እንዳለ። ሳቂታው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ፈገግ አለ፣ በመጨረሻ ግንባሩን በመሀረብ ጠረገ።

«እትዬ፣ ይሞክሩኝና ይዩኝ። ካልተስማማሁዎት ያባሩኝ።»

«አባርርሃለሁ» አለች እናቴ። ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ኩሽናችን ሌላ ሆነ። ጉዳዩ እንዲገባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴ ከማግባቷ በፊት የቀለም ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ሥራዋ ቀለሙ ቀጠነ ወፈረ እያለች መለካት ነው። አሁን በመስኮቱ ደፍ ላይ የብርጭቆ ዕቃዎች ደረደረች። አንዳንዱ ውስጥ ያለው የማር ቀለም አለው፣ አንዳንዱ ትንሽ ቀላ ይላል። ጠዋት ፀሐይዋ ስታርፍባቸው ኩሽናው ወርቅማ ብርሃን ይሞላዋል። ጥቂቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ጥቂቱን በፈላ ውሃ ላይ አድርጋ ታሞቃለች። ከሥሩ የተበሳ ኩባያ ነበራት፤ በእሱ እያፈሰሰች ሰዓቷን ታያለች። አንዱን ክዳኑን ገጥማ ትንጠውና አረፋው እስኪጠፋ አፍጥጣ ትጠብቃለች። ሽታው ከሽንኩርቱ ጋር ተደባልቆ ፀጉራችን ውስጥ ገባ። እኔና እህቴ እንዳንነካ ተነገረን።

«ምንድነው?» ስላት፣

«ከመግባቱ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር» አለችኝ።

የሠርግ መጠጥ ነው ብዬ ደመደምኩ።

አጎታችን የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ እናታችንም እኛም «ጋሼ» እንለዋለን። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሲናደድ ብርጭቆ ያንቀጠቅጣል። እኔ ኮሪደሩ ላይ ከካፖርቶቹ ኋላ ገባሁ፤ የአባቴ ካፖርት አሁንም እዚያ ተሰቅሏል። ከዚያ ሆኜ የሰማሁትን እስከ ዛሬ በቃሌ እላለሁ።

«ስም ያለው እያለ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ታስገቢያለሽ?» አለ ጋሼ።

«ማንነቱን አጣርቻለሁ።»

«ወንድሜ በሕይወት ዘመኑ ከባለ ስሙ በቀር ደጁን አላስረገጠም! ይሄ ፎርጅድ ነው፣ ፎርጅድ!»

«ፎርጅድስ አይበሉት ጋሼ።» የእናቴ ድምፅ ከፍ አላለም፤ ደረቅ ግን አለ። «ፎርጅድ የሰው ስም ሰርቆ የሚለጥፍ ነው። ይሄ የመጣው በራሱ ስም ነው። ሰው አላወቀለትም እንጂ ሌባ አይደለም።»

እንዲህ ስትሟገትለት፣ በቃ፣ ወዳዋለች አልኩ።

«ሲሞቅ ይቀጥንብሻል!»

«አይቀጥንም። አሙቄ አይቼዋለሁ። ሲበርድም አይረጋም። ውፍረቱንም ለክቼዋለሁ፤ ከባለ ስሙ ጋር እኩል ነው።»

እዚህ ላይ ደነገጥኩ። ከረባት እንደ ሸምበቆ የቀጠነ፣ ሳቂታው እንደ በርሜል የወፈረ፤ ምኑ ነው እኩል? ፍቅር ሰውን ያሳውራል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ የገዛ እናቴን እንዲህ ያሳውራል ብዬ ግን አላሰብኩም።

«እና ሁለቱንም ልታደርጊ ነው?» አለ ጋሼ።

«መቀላቀልማ አይሆንም። ግን ለሁለቱም ቦታ አለኝ። ትልቋ ከባለ ስሙ ጋር ትቀጥል፤ እሷ ዋስትና አላት፣ ዋስትናዋን አላፈርስም። ትንሿን ለአዲሱ እሰጣለሁ።»

«ብትበላሽስ?»

«ትንሿ ብዙ ችላለች። ይሄንንም ትችላለች።»

«ዋስትና የላትም እኮ!»

«የላትም» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

ወንበር ተንቋቋ፤ ጋሼ ተነሣ። «እንግዲህ ልንገርሽ። ከተበላሸች የሁለቱንም ቁልፍ ታስረክቢኛለሽ። ሥራውን እኔ እይዘዋለሁ፤ አንቺ ልጆችሽን ታሳድጊያለሽ።»

ከዚያ እናቴ «እሺ» ስትል ሰማሁ።

የአባቴን ካፖርት እጅጌ ነክሼ አለቀስኩ።

አሁን ትልቅ ሆኜ ሳስበው እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ነገር ከሠርግም በላይ ነበር። ሁለቱ ሰዎች የትራክተር ዘይት ሻጮች ነበሩ፤ የትራክተር የሃይድሮሊክ ዘይት ደግሞ አንድ ሥራ ብቻ የለውም። ማረሻውን የሚያነሡትን ክንዶች ይገፋል፤ ማርሹን ያለሰልሳል፤ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ፍሬኑ የሚሠራው እዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። የማይሆን ዘይት ከገባ ሁሉም በአንዴ ይታመማሉ። ሳቂታው ያመጣው ዘይት ጄሪካኑ ጀርባ ላይ ትንሿን የሠራው ፋብሪካ የሚጠይቀው ደረጃ በግልጽ ተጽፎበታል፤ ምርመራውንም እናቴ ጠይቃ አይታለች። ከእሱ የረከሰ፣ «ለማንኛውም ትራክተር ይሆናል» የሚል ብቻ የተጻፈበት ሌላ ዘይትም መጥቶላት ነበር። እሱን ሳትከፍተው ነው የመለሰችው። «ለሁሉም የሚሆን ለማንም አይሆንም» ብላ። የባለ ስሙን ዘይት ለሁለቱም ትራክተሮች ብንገዛ ደግሞ ማረሻ የሚስል፣ ጎማ የሚለውጥ ገንዘብ አይተርፈንም ነበር።

ጋሼንም ያኔ እንደ ጅብ ነበር የማየው። ዛሬ ሳየው ፈርቶ ነበር። ወንድሙን ቀብሯል፤ ወንድሙ ለፍቶ ያቆመው ነገር ዓይኑ እያየ እንዳይፈርስ ፈርቷል። ፍርሃቱን የሚናገርበት ሌላ ድምፅ ስላልነበረው ነው የጮኸው።

ያን ጊዜ ግን እኔ አንድ ቃል ብቻ ነበር ያስጨነቀኝ፤ ዋስትና። እኔ አለኝ፣ እህቴ የላትም። ወደ ልብስ ሰፊዋ ተመለስኩ።

«ዋስትና ምንድነው?»

«አንድ ነገር ሲበላሽ ‘አይዞህ፣ እኔ አለሁ’ የሚል ማለት ነው» አለች። «ምነው? ማን ታሠረ?»

ለጥቂት ቀናት እህቴን ከዓይኔ አላራቅኳትም። ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳን በሩ ላይ እቆማለሁ። ያለችኝን አሻንጉሊት ሰጠኋት፤ ፀጉሯን ሳበጥርላት እንባዬ ይመጣል። እሷ ምኑም አልገባት። ነገሩ ተመችቷት፣ ጀርባዬ ላይ ካልታዘልኩ ማለት ጀመረች።

ቅዳሜ ጠዋት ከግቢው የሰው ድምፅ ሰምቼ በመስኮት አየሁ። ሁለቱም መጥተዋል። ከረባት ባለ አርማ ባልዲዎች ከመኪናው እያወረደ ነው። ሳቂታው ነጫጭ ጄሪካኖቹን ደርድሯል። ጋሼ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይንጎራደዳል። ሹፌሩ የመጋዘኑን ሁለት በሮች ወለል አድርጎ ከፍቷል። እናቴ የአባቴን የሥራ ቱታ እጅጌውን ጠቅልላ ለብሳለች፤ ፀጉሯን በሻሽ አስራለች።

«ትንሿን አምጣልኝ» አለችው ለሹፌሩ። «በእሷ እንጀምር።»

እህቴን ከአልጋ አነሣኋት። በሌሊት ልብሷ ነበረች፤ አንድ እግሯ ላይ ካልሲ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ጀርባዬ ላይ ተሸክሜያት ግቢው መሀል ደረስኩና ከእናቴና ከሰዎቹ መካከል ቆምኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እንደ ጋሼ ድምፅ ወፍሮ ወጣ።

«ትንሿ ዋስትና አላት!»

ሁሉም ዞሩ።

«እኔ ነኝ! እኔ አለሁላት! ለማንም አትሰጪያትም! እኔንም ለዚያ ቀጭን አትስጪኝ!»

ሳቂታው ሳቁን ጀመረና የእናቴን ፊት ሲያይ መሀል ላይ ቆረጠው። ከረባት የጫማውን ጫፍ መመርመር ያዘ። እናቴ መጀመሪያ እኔን አየች፣ ከዚያ ጀርባዬ ላይ የተለጠፈችውን እህቴን፣ ከዚያ ሹፌሩ እየነዳ ከመጋዘኑ ያወጣትን፣ እያሳለች የመጣችውን አሮጌ ትራክተር፣ ከዚያ ተራ በተራ ሁለቱን ሰዎች። ነገሩ ቀስ በቀስ ሲገባት ፊቷ ላይ ይታየኝ ነበር።

አልሳቀችም። እስከ ዛሬ የምኮራባት በዚህ ነው። ሌላ እናት ብትሆን፣ እኔም ብሆን፣ በሳቅ እፈነዳ ነበር። እሷ ግን ቁጢጥ አለች፤ ዘይት የነካው እጇ እንዳያቆሽሸን ሁለት ክንዶቿን እንደ ወፍ ወደ ጎን ዘርግታ ግንባሯን ከግንባሬ ጋር አስነካችው።

«የኔ እናት» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «እናንተን ከእኔ የሚወስድ ገና አልተወለደም። ትንሿ ያልኩት ያቺን ነው።» በአገጯ ትራክተሯን አሳየችኝ። «የምትሰጠውም ዘይት ነው። ባል አይደለም።»

ከዚያ ቀና አለችና ወደ ጋሼ ዞረች።

«ጋሼ፣ ‘ዋስትና የላትም’ ሲሉኝ መልስ አጥቼ ነበር። ልጄ መለሰችልዎ። ትንሿ ዋስትና አላት። እኔ ነኝ። ብትበላሽ ‘ዘይቱ ነው፣ ሻጩ ነው’ ብዬ ሰው ፊት አልቆምም። እኔ መርጬዋለሁ፣ እኔ እቆምላታለሁ።»

ጋሼ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሹፌሩ ግን ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ እሱም ያወቀ አይመስለኝም።

የዚያን ቀን ክልከላው ተነሣልን። እኔና እህቴ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጠን ሥራውን እንድናይ ተፈቀደ። እናቴ ከትንሿ ሆድ ሥር ገብታ ቡሎኑን ስትፈታው ያረጀው ዘይት እንደ ጥቁር ሻይ እየተንዶለዶለ ወረደ፤ የተቃጠለ ይሸታል። የድሮው ከአዲሱ እንዳይደባለቅ ጠብ እስኪል ጠበቀች። ፊልትሮውን፣ ማለትም የዘይት ማጣሪያውን፣ ቀየረች። ከዚያ ሳቂታው ጄሪካኑን አነሣ፣ እሷ ቀዳዳው ላይ ማጥለያ ያዘች፣ ማር የመሰለው ዘይት ድምፅ ሳያሰማ ገባ። ለትልቋ ደግሞ የከረባትን ባልዲ ከፈተች። ከረባት ጥቂት ቆይቶ ኮቱን አውልቆ ባልዲውን ያዘላት። የዚያ ሰውዬ ሥራ እንደዚህ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሳቂታው ሚስትና መንታ ልጆች እንዳሉት፣ ከረባት ደግሞ ራሱ ሊያገባ ቀለበት አስሮ እንደነበር የሰማሁት በዚያ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ነው። ትንሽ ቅር አለኝ። እናቴን እንዴት አልፈለጓትም?

ሰኞ ትንሿ እርሻ ገባች። እናቴ ራሷ ነበረች የነዳችው፤ ጋሼ ደግሞ ከማሳው ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር ወንበር አስቀምጦ ተቀመጠ። ትምህርት ስላልነበረ እኛም ነበርን። መጀመሪያ መልካም ሄደች። አፈሩ ከማረሻው ኋላ እየተገለበጠ፣ ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ይተኛል። ከዚያ መዞሪያው ላይ ማረሻውን ልታነሣው ስትል ትንሿ ጮኸች። ቀጭን፣ የሚሰቀጥጥ ጩኸት ነው፤ እንደታመመ ልጅ። ክንዶቿ ተንቀጠቀጡ፤ ማረሻው ግማሽ መንገድ ላይ እየዘለለ ቆመ።

ጋሼ ከወንበሩ ተነሣ። «አላልኩሽም?» እያለ በእርሻው ላይ እየተደናቀፈ መጣ። «ዘይትሽ ፓምፑን በላው! አላልኩሽም?» መዳፉን ዘረጋ። ቁልፉን ነበር የፈለገው።

እናቴ ሞተሩን አጠፋች። ቁልፉን ነቅላ ያዘችው፤ ግን አልሰጠችውም። ወረደች። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዛ ለፀሐይ አነሣችው፤ ጫፉ ላይ ያለው ዘይት እንደ ሳሙና አረፋ ደፍቋል።

«አረፋ ነው» አለች። «ዘይቱ አየር እየጠጣ ነው። ኩሽና ውስጥ ስንጠው እንኳን አረፋው ቶሎ ነበር የሚጠፋው። አየር የሚገባበት ቦታ አለ።»

እጇን ከሥር ሰዳ ዳበሰች። ፊልትሮውን ፈታችው። ጠርዙ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት በአንድ ጎኑ ታጥፎ ተጨፍልቋል። በሁለት ጣቷ ይዛ ለጋሼ አሳየችው።

«ይኸው። የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ አጥፌ ነው ያስገባሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የዘይቱ አይደለም።»

ሹፌሩ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ይቀይረው ነበር» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ቁልፉን ልትነጠቅ የጋሼ እጅ ተዘርግቶ እያለ «እኔ ነኝ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ፣ እኔም የራሴ ሥራ፣ የራሴ አለቃ ሲኖረኝ ነው።

ከመሣሪያ ሣጥኑ አዲስ ቀለበት ተገኘ። ዘይት ቀብታ፣ በጣቷ ዙሪያውን ዳብሳ አስገባችው። የጎደለውን ሞላች፤ አረፋው እስኪተኛ ጥላ ውስጥ ተቀምጠን ውሃ ጠጣን። ከዚያ ወጥታ አስነሣቻት። ትንሿ እንደ ልማዷ አሳለች፤ ከዚያ ድምፅዋ ለዘብ፣ ሞላ አለ። ክንዶቿ ማረሻውን እንደ ላባ አነሡት።

«አሁን ምንም አይባልም» አለች እናቴ ከላይ ሆና። «ሲግል ነው የሚታየው።»

አረሰች። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፣ አለፈች። የሞተሩ ሽፋን እጅ አያስነካም። ከማሳው ጫፍ ያለውን ቁልቁለት ወርዳ ፍሬን ያዘች፤ ያለ ሲጥታ ቆመች። በመጨረሻ ጋሼ ፊት መጥታ ማረሻውን እስከ ላይ አነሣችውና ሞተሩን አጠፋች። ማረሻው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ዘይቱ በሙቀት ቀጥኖ ቢሆን ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ጋሼ አየው። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠና እንደገና አየው። ሹፌሩ ሻይ ቀዳለት፤ ጠጣ፤ ማረሻውን አየ። ኩባያው አለቀ። ማረሻው ጣት አልወረደም።

ጋሼ ተነሥቶ አቧራውን ከሱሪው አራገፈ። ወደ ቤት ሊሄድ ሲል ዞር አለና «ቀለበቱን ትርፍ ግዢ፤ አንድ ብቻ አይበቃም» አላት። ከእሱ አፍ ይህ ምርቃት ነበር።

ትንሿ ያን ወቅት ያለ ሕመም ጨረሰች። ትልቋም እንዲሁ። የዘራ ሁሉ በጊዜው ዘራ።

ወቅቱ ሲያልቅ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼ አንድ የማናውቀው ሰው ይዞ መጣ። ሰውዬው ወፍራም የወርቅ ሰዓት ያሰረ፣ ብዙ መሬት ያለው ገበሬ ነው። በአንድ እጁ ባለ ስሙን ባልዲ፣ በሌላው ነጩን ጄሪካን አንጠልጥሏል። እናቴ ከትልቋ ሥር ናት፤ የሚታየው ጫማዋ ብቻ ነው።

«እንግዲህ የቱ ይሻለኛል?» አለው ሰውዬው ለጋሼ።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አለ ጋሼ፣ በዚያ ብርጭቆ በሚያንቀጠቅጥ ድምፁ። «የትራክተሮቹ ባለቤት እሷ ናት። እሷን ጠይቃት።»

እናቴ ተንሸራታ ወጣች። ጉንጯ ላይ የዘይት መስመር አለ። ተነሥታ እጇን በጨርቅ ጠረገችና ሁለቱንም ዕቃ ሳታይ ሰውዬውን አየችው።

«ትራክተርዎ ፍሬኗ ዘይት ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ?»

«እሱን እንኳ አላውቀውም።»

«ዋስትናዋስ አለ?»

«ይመስለኛል…»

«እንግዲያው ከእሷ እንጀምር። የት ነው ያቆሟት?»

ሰውዬው ወደ መንገዱ አመለከተ። እናቴ ቀደመች። ሰውዬው ባዶ እጁን ተከተላት፤ ምክንያቱም ጋሼ ባልዲውንም ጄሪካኑንም ተቀብሎታል። ያ ከሰው መርጦ የሚያወራ፣ ለማንም ዕቃ ተሸክሞ የማያውቅ አጎታችን፣ ሁለቱንም አንጠልጥሎ፣ ትከሻው ተዘቅዝቆ፣ ከእናቴ ኋላ ኋላ ሄደ። እኔና እህቴ እጅ ለእጅ ተያይዘን ከሁሉም በስተኋላ ተከተልን፤ ልብስ ሰፊዋ ከበሯ ብቅ ብላ ስታየን ጊዜ አንገታችንን አቅንተን፣ ቀስ ብለን፣ በደንብ እንድታየን አለፍን።